«ምነው ባልተሰረቀ» በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?

ጥያቄ

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ሥዕል ባልሥልም ማየት እወዳለሁ። ስለ ሥነ ጥበብ በእንግሊዝኛ የሚወያይ አነስተኛ ቡድን ውስጥ ከገባሁ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። በየሳምንቱ ከመካከላችን አንዱ ሥዕል ይመርጣል፤ በስክሪን ላይ እያየን የየራሳችንን አስተያየት እንሰጣለን። ያየሁትን መናገር አይከብደኝም። ችግሬ የሚጀምረው ያልሆነውን ነገር ለመናገር ስፈልግ ነው።

አንድ ቀን የሬምብራንት ሥዕል ቀረበ፤ በማዕበል የምትናጥ ጀልባ ናት። ሥዕሉ ተሰርቆ እስካሁን እንዳልተገኘ አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር፣ ቁጭቴን ለመግለጽ «አይ ሆፕ ዜይ ዲድንት ስቲል ኢት» አልኩ። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ ወደ እኔ ዞረው የስርቆቱን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምረው በትሕትና ያስረዱኝ ጀመር። በሌላ ቀን ደግሞ ከአባሎቻችን አንዷ ራሷ የሣለችውን አሳየችን። ብርሃን ቢጨመርበት ያምር ነበር ለማለት ፈልጌ «አይ ዊሽ ዩ ዉድ ዩዝ ሞር ላይት» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ መልስም አልሰጠችኝም። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም።

ትምህርት ቤት ሳለሁ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓይነት እየተባለ የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገር በሠንጠረዥ ተምሬያለሁ። ሠንጠረዡን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ለመናገር አፌን ስከፍት ግን አንዱም አይመጣልኝም። አሁን አሁን ዝም ብዬ ተቀምጬ እመለሳለሁ። ምን ይመክሩኛል? ወይስ ዝምታው ይሻለኛል?

ዝምተኛዋ ተመልካች

መልስ

ውድ እህቴ፣

ዝምታውን አልመክርሽም። ሥዕል አይተሽ «ምነው እንዲህ በሆነ» የምትዪ ከሆንሽ የምትናገሪው አለሽ፤ ለውይይት ከተሰበሰቡ ሰዎች ፊት ይህን ይዞ መቅረት ያሳዝናል። ደግሞም ከጠቀስሻቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በአንዱም ላይ የሰዋስው ስሕተት የለም። ሁለቱም ጥሩ እንግሊዝኛ ናቸው። ነገር ግን አንቺ ያላሰብሽውን ነገር ተናገሩ። ስለዚህ ሠንጠረዡን እንደገና ብትሸመድጂው የሚፈይድልሽ ነገር የለም። የሚፈይድልሽ እያንዳንዱ ቅርጽ ስለ ተናጋሪው ምን እንደሚያሳብቅ ማወቅ ነው።

«ሆፕ» ገና ላልለየለት ነገር የሚነገር ግሥ ነው። ተናጋሪው የሆነውን ወይም የሚሆነውን አያውቅም፤ መልካሙ እንዲሆን ግን ይፈልጋል። «አይ ሆፕ ዜይ ዲድንት ስቲል ኢት» ያለ ሰው «እንዳልሰረቁት ተስፋ አደርጋለሁ» ማለቱ ነው። ይህን የሰማ አድማጭ «ወሬው አልደረሳትም» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። አጠገብሽ የነበሩት ሰውዬም የሰሙትን በትክክል ሰምተው ነው ያስረዱሽ። አንቺ ልትዪ የፈለግሽው ግን «ምነው ባልሰረቁት» ነበር፤ እሱ ደግሞ የ«ዊሽ» ቦታ ነው። «ዊሽ» የሚል ሰው ቁርጡን ያውቃል። እውነቱ ከፈቃዱ ውጭ እንደሆነ እያወቀ ይመኛል። ለዚህ ነው ስለ ሥነ ጥበብ ስናወራ «ዊሽ» ሳይነሣ የማይቀረው፤ የጠፋው፣ የተቆረጠው፣ የተቃጠለው፣ ሳያልቅ የቀረው ሥራ ብዙ ነውና።

ያነሣሽው ሥዕል ከመልመጃ መጽሐፍ የተሻለ ስለሚያስተምር ጥቂት እንቆይበት። ሬምብራንት በ1633 የሣለው ነው፤ ይህም ሆነ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በማርች 1990 አንድ ሌሊት የፖሊስ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ቦስተን ወደሚገኘው የኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም መጡ። ጠባቂው ፖሊሶች መስለውት በሩን ከፈተላቸው። ጠባቂዎቹን አስረው 13 ሥራዎችን ይዘው ሄዱ። የጀልባውን ሥዕል ሸራውን ከፍሬሙ ቆርጠው ነው የወሰዱት። የሙዚየሙ መሥራች የዕቃዎቹ አቀማመጥ እንዳይለወጥ በኑዛዜዋ ስላዘዘች፣ ባዶው ፍሬም ዛሬም እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

እንግዲህ በሐሳብሽ ከዚያ ባዶ ፍሬም ፊት ቁሚ። የምትመኚው ነገር አንድ ብቻ አይደለም። ዓይንሽ ያረፈው አሁን በምታዪው ባዶነት ላይ ከሆነ «አይ ዊሽ ዘ ፍሬም ዌርንት ኤምፕቲ» ትያለሽ፤ ምነው ባዶ ባልሆነ እንደማለት ነው። ባዶነቱ የአሁን ነው፤ ግሡ ግን «ዌርንት» ብሎ የኃላፊ ጊዜን ልብስ ለብሷል። ልብሽ ወደዚያች ሌሊት ከሄደ ደግሞ «አይ ዊሽ ዜይ ሃድንት ስቶለን ኢት» ነው። ስርቆቱ አልፏል፤ ስለዚህ ግሡ አንድ እርምጃ ተጨማሪ ወደ ኋላ ሄዶ «ሃድንት ስቶለን» ሆነ። አንድ ሰው የሆነ ነገር እንዲያደርግ ከጓጓሽ «አይ ዊሽ ሰምዋን ዉድ ሪተርን ኢት» ይሆናል፤ ምነው አንድ ሰው በመለሰው። በዚህ አነጋገር ውስጥ መመለሱን ብዙም አለመጠበቅሽ ይሰማል። ተስፋሽ ጨርሶ ካልተሟጠጠና ሊገኝ ይችላል ብለሽ ካመንሽ ወደ ተውሽው ግሥ ተመለሺ፦ «አይ ሆፕ ዜይ ፋይንድ ኢት»። «ፋይንድ» ምንም አልተለወጠም፤ ነገሩ ገና አልለየለትማ።

ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ስለ አሁን እየተነገረ ግሡ ለምን ኃላፊ ይሆናል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ በአፍሽ ያለ ነገር ነው። በአማርኛ «ምነው ሠዓሊ በሆንኩ» ስትዪ «ሆንኩ» የትኛው ጊዜ ነው? ኃላፊ ነው። የምትመኚው ግን ትናንት ሠዓሊ መሆንን ሳይሆን አሁን መሆንን ነው። «ሠዓሊ ብሆን ኖሮ ይህንን ባሕር እሥለው ነበር» ስትዪም «ነበር» ስለ ዓምና አያወራም። ነገሩ እውን አለመሆኑን ብቻ ይነግረናል። የአማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ እውን ያልሆነውን ነገር በኃላፊ ግሥ ማራቅን ያውቅበታል። እንግሊዝኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ «አይ ዊሽ አይ ዌር ኤ ፔይንተር»። ይህን አንድ ጊዜ ልብ ካልሽው ግማሹ ድንጋጤ ይለቅሻል።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በአማርኛ «ምነው ባልተሰረቀ» ካልን በኋላ ስለ አሁኑ ይሁን ስላለፈው መለየት ግድ አይለንም፤ አድማጩ ከወሬው አገባብ ይረዳዋል። እንግሊዝኛ ግን ሳይለይ አያልፍም። አሁን ካለው ነገር ጋር ነው የተጣላሽው ወይስ ካለፈው ጋር? ከአሁኑ ጋር ከሆነ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፤ ካለፈው ጋር ከሆነ ሁለት እርምጃ። «ኖው» (ማወቅ) «ኒው» ይሆናል፤ «ኒው» ደግሞ «ሃድ ኖውን» ይሆናል። «አይ ዊሽ አይ ኒው ሂዝ ኔም» ስትዪ የሠዓሊውን ስም አሁን አታውቂውም። «አይ ዊሽ አይ ሃድ ኖውን ሂዝ ኔም» ስትዪ ግን ያኔ፣ በሚያስፈልግሽ ሰዓት፣ አላወቅሽውም ነበር፤ ዛሬ ታውቂው ይሆናል። ከመናገርሽ በፊት ራስሽን የምትጠይቂው ጥያቄ ይህ ብቻ ይሁን። የዓይነቱን ቁጥር ተዪው።

ስለ ሠንጠረዡ ያለኝን ሐሳብ ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ለፈተና ይጠቅም ይሆናል፣ ለወሬ ግን እንቅፋት ነው። ሰው ሥዕል እያየ «አሁን የምናገረው ሁለተኛው ነው ወይስ ሦስተኛው?» ብሎ ማሰብ ሲጀምር ሥዕሉን ማየት ያቆማል። ከዚህም የባሰው፣ ሠንጠረዡ ዓረፍተ ነገሮቹን በየሳጥናቸው ቆልፎ ስለሚያሳይ፣ የአንዱ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር የማይገናኝ ያስመስላል። ስለ ሥነ ጥበብ ሲወራ ደግሞ በብዛት የሚያስፈልገው ግማሽና ግማሹን አንድ ላይ ማምጣት ነው፤ ምክንያቱ ድሮ የሆነ ነገር፣ ውጤቱ ዛሬ ዓይናችን ፊት ያለ ነገር ነውና።

የሊዮናርዶ ዳ ቪንቺን የመጨረሻው እራት ውሰጂ። ሚላን ውስጥ በአንድ ገዳም የመመገቢያ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከ1495 እስከ 1498 ባለው ጊዜ የሣለው ነው። በዘመኑ ልማድ ግድግዳ ላይ የሚሥል ሰው ልስኑ ገና እርጥብ ሳለ ቀለሙን ይቀባል፤ ቀለሙና ልስኑ አብረው ደርቀው አንድ አካል ይሆናሉ። ይህ አሠራር ፍጥነት ይጠይቃል፤ የደረቀውን መልሶ ማስተካከል ይከብዳል። ሊዮናርዶ ግን እየተመለሰ ማሻሻል የሚወድ፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ሰው ነበር። በደረቅ ግድግዳ ላይ ሣለ። ቀለሙ ከግድግዳው ጋር በደንብ ስላልተያያዘ ሠዓሊው በሕይወት ሳለ መፋቅ ጀመረ። በ1652 ደግሞ ከሥዕሉ ሥር በር ሲከፈት የክርስቶስ እግሮች የነበሩበት ክፍል ተቆርጦ ቀረ።

ይህን እያየሽ «ኢፍ ሊዮናርዶ ሃድ ፔይንትድ ኦን ዌት ፕላስተር፣ ዊ ዉድ ሲ ሞር ኦቭ ኢት ቱዴይ» ማለት ትችያለሽ፤ በእርጥብ ልስን ላይ ሥሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ከዚህ የበለጠ እናይ ነበር። የመጀመሪያው ግማሽ ያለፈ ነው፤ ስለዚህ «ሃድ ፔይንትድ» ብሎ ሁለት እርምጃ ሄዷል። ሁለተኛው ግማሽ የዛሬ ነው፤ ስለዚህ «ዉድ ሲ» ብቻ ይበቃዋል። ሁለቱም ያለፉ ከሆኑ ሁለቱም ወደ ኋላ ይሄዳሉ፦ «ኢፍ ሂ ሃድ ፔይንትድ ኦን ዌት ፕላስተር፣ ሂ ዉድ ሃቭ ዎርክድ ፋስተር»፤ በእርጥብ ልስን ላይ ሥሎ ቢሆን ኖሮ ፈጥኖ ይሠራ ነበር። «ዉድ ዎርክ» እና «ዉድ ሃቭ ዎርክድ» የሚለያዩት በዓይነት ቁጥር ሳይሆን ሥራው ዛሬ ነው ወይስ ያኔ በሚለው ብቻ እንደሆነ አስተውዪ።

አንድ ሌላ ልጨምርልሽ፤ እኔ ራሴ ስለ ሥዕል ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ በጣም ከምቆጭባቸው አንዱ ነው። የሬምብራንት የሌሊት ጠባቂዎች በ1642 ተሥሎ ያለቀ ግዙፍ ሥዕል ነው። በ1715 ወደ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር የተመደበለት ግድግዳ አልበቃውም ተብሎ አራቱም ጠርዙ ተቆረጠ። በጣም የተጎዳው በግራ በኩል ነው፤ እዚያ የነበሩ ሰዎች ከነጭራሹ ጠፉ። ምን ይመስሉ እንደነበር የምናውቀው አስቀድሞ የተሠራ አነስ ያለ ቅጂ ስላለ ነው። በ2021 ሥዕሉ የሚገኝበት የአምስተርዳም ሙዚየም ያንን ቅጂ መነሻ አድርጎ የጎደሉትን ጠርዞች በኮምፒውተር አሠርቶ ለተወሰነ ጊዜ ከዋናው ሥዕል አጠገብ ሲገጥማቸው፣ ከፊት የሚራመዱት ሻምበሉና ምክትሉ መሀል ላይ እንዳልነበሩ ሁሉም በዓይኑ አየ። ሬምብራንት ያቆማቸው ከመሀል ወደ ቀኝ አድርጎ ነው፤ ሰልፉ ወደ ፊት የሚንቀሳቀስ የሚመስለውም ለዚህ ነበር። «ኢፍ ዜይ ሃድንት ከት ዘ ሌፍት ሳይድ፣ ዘ ካፕቴን ዉድንት ቢ ኢን ዘ ሚድል»፤ የግራውን ባይቆርጡት ኖሮ ሻምበሉ መሀል ላይ ባልሆነ ነበር። እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር በቡድናችሁ መካከል ብትናገሪ ውይይቱ ራሱ ይጀመራል፤ ሁሉም ሥዕሉን እንደገና ለማየት ይገደዳልና።

ስለ «ኢፍ» አንድ ጥንቃቄ አለ። «ዉድ» የሚገባው በውጤቱ በኩል ነው እንጂ ከ«ኢፍ» ጋር አይደለም። «ኢፍ አይ ዉድ ቢ ኤ ፔይንተር» አትበዪ፤ «ኢፍ አይ ዌር ኤ ፔይንተር፣ አይ ዉድ ስታርት ዊዝ ዘ ሲ» በዪ። «ኢፍ» በኩል ግሡን ወደ ኋላ ታስኬጂዋለሽ፣ በሌላው በኩል «ዉድ» ታስገቢያለሽ፤ ሁለቱ ቦታ አይለዋወጡም። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑ አንዳንድ ሰዎች በወሬ መሀል «ዉድ»ን ከ«ኢፍ» ጋር ሲጠቀሙ ብትሰሚ አትደነቂ፤ አንቺ ግን አትከተያቸው። «ኢፍ አይ ዋዝ» ሲሉም ትሰሚያለሽ። እሱ በወሬ ተቀባይነት አለው፤ «ኢፍ አይ ዌር» ግን የትም ቦታ አያሳፍርሽም።

አሁን ወደ ከበደሽ ጉዳይ ልምጣ፤ ስለ ሥዕሏ አስተያየት ስለሰጠሻት ሴት። «አይ ዊሽ ዩ ዉድ» የሚል አጀማመር በእንግሊዝኛ የብሶት ድምፅ አለው። ደጋግሞ የሚያረፍድን ሰው፣ በር ሳይዘጋ የሚወጣን ሰው የሚወቅሱበት አነጋገር ነው፤ «ምናለ ብታደርጊው» ከሚለው የአማርኛ ቁጣ ጋር ይቀራረባል። «ምናለ ብርሃን ብትጠቀሚ» የተባለች ያህል ተሰምቷት ይሆናል። በዚያ ላይ ሥዕሉ የራሷ ነው፤ ሠዓሊ ሥራውን ለሰው ሲያሳይ ቆዳው ስስ ይሆናል። አንቺ ልትነግሪያት የፈለግሽው ግን ስለ ሥዕሉ እንጂ ስለ ጠባይዋ አልነበረም።

ስለዚህ «ዩ» የሚለውን ከዓረፍተ ነገሩ አውጪውና ሥዕሉን ባለቤት አድርጊው። «አይ ዎንደር ሃው ኢት ዉድ ሉክ ኢፍ ዘ ላይት ዌር ስትሮንገር»፤ ብርሃኑ ቢበረታ ምን ይመስል ይሆን እያልኩ አስባለሁ እንደማለት ነው። ወይም አጠር አድርገሽ «ዋት ኢፍ ዘ ላይት ኬም ፍሮም ዘ ሌፍት?» በያት፤ ብርሃኑ ከግራ ቢመጣስ? እዚህም «ከም» ሳይሆን «ኬም» ነው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ግሡ እንዲህ ሲርቅ አነጋገሩ ራሱ ይለዝባል። ሠዓሊዋ መቀበልም ሆነ አለመቀበል ትችላለች፤ «ከግራ ቢመጣማ ፊቷ ይጠፋ ነበር» ብላ ብትመልስልሽ ሁለታችሁም ስለ ሥዕሉ እያወራችሁ ነው። አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፤ «ኢፍ አይ ዌር ዩ» የሚለው በትምህርት ቤት ስለ ምክር ስንማር የተሰጠን ዝነኛ አነጋገር ነው፤ ሰው ምክር ሲጠይቅሽ ተጠቀሚበት እንጂ ሳትጠየቂ ለሠዓሊ አትበዪው።

ላለፈው ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ ከፈለግሽ፣ ብትጠይቂ ደስ ይለኛል፣ የምትፈልጊው ቅርጽ አሁን እጅሽ ላይ ነው፦ «አይ ዊሽ አይ ሃድ ፑት ኢት ዲፈረንትሊ»፤ ምነው በሌላ መንገድ ብናገረው ኖሮ። ይህንን ተናግረሽ የፈለግሽው ስለ ብርሃኑ መጠየቅ እንደነበር ንገሪያት። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሥዕል ላይ ያለ ሰው ስለሚመስለው ነገር ማውራትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የቬርሜርን የዕንቁ ጉትቻ ያደረገችውን ልጅ አይተሻት ይሆናል፤ ትከሻዋን አዙራ፣ ከንፈሯን ከፈት አድርጋ ወደ እኛ ትመለከታለች። ማን እንደነበረች አይታወቅም። ስለ እሷ «ሺ ሉክስ አዝ ኢፍ ሺ ዌር አባውት ቱ ስፒክ» ይባላል፤ ልትናገር የተቃረበች ትመስላለች። በእውነት እንደማትናገር ስለምናውቅ «ዌር» እንላለን። «ኢዝ» የሚሉም አሉ፤ ስሕተት አይደለም፤ ተመልካቹ መምሰሉን ከእውነት እንዳስጠጋው ያሳያል። እኔ ሥዕልን በተመለከተ «ዌር»ን እመርጣለሁ። የሥዕሉ ውበት ያለው ልትናገር በመቃረቧና መቼም ባለመናገሯ ላይ ስለሆነ፣ ግሡ ሁለቱንም ቢይዝ ደስ ይለኛል።

መገመትን ግን ከምኞት ጋር አታቀላቅዪ። በ1820 በሚሎስ ደሴት የተገኘችው የቬነስ ሐውልት ክንዶች የሏትም። በእጇ ምን ይዛ ነበር ብሎ የሚገምት ሰው «ሺ ሜይ ሃቭ ሄልድ አን አፕል» ሊል ይችላል፤ ፖም ይዛ ይሆናል ማለት ነው። ይህ ያልሆነ ነገር አይደለም፤ ያልታወቀ ነገር ነው። «አይ ዊሽ ሺ ሃድ ኸር አርምስ» የሚለው ግን ክንድ እንደሌላት አውቆ መመኘት ነው። በነገራችን ላይ ሁሉም ሰው ይህንን አይመኝም፤ ክንድ ቢኖራት ኖሮ ይህን ያህል አናያትም ነበር የሚሉ አሉ። በቡድናችሁ ብታነሡት ጥሩ ክርክር ይወጣዋል፤ ለመከራከርም ከ«ዉድ» ውጭ መንገድ የለም።

አሁን ስለ ጆሮ ልንገርሽ፤ በደብዳቤሽ ባትጠይቂኝም መናገሩ የሚከብድሽ በከፊል መስማቱ ስለሚከብድሽ ይመስለኛል። «ሃድ» እና «ዉድ» በፈጣን ንግግር ሁለቱም ተሸርፈው አንዲት «ድ» ብቻ ይቀራሉ። «አይድ»፣ «ሂድ»፣ «ዜይድ» ብቻ ነው የምትሰሚው። የትኛው እንደሆነ የሚነግርሽ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥ ነው። «ሂድ ፔይንት» ከሆነ ግሡ ምንም አልተለወጠምና «ዉድ» ነው። «ሂድ ፔይንትድ» ከሆነ «ሃድ» ነው። «ሂድ ሃቭ ፔይንትድ» ከሆነ ደግሞ እንደገና «ዉድ» ነው፤ ያውም በዚያ «ሃቭ» ራሱ ቀልሎ «አቭ» ብቻ ሆኖ ስለሚሰማ ጆሮሽን ካላነቃሽው ያመልጥሻል። ስለ ሥዕል የተቀዳ ንግግር ስታዳምጪ ለዚህች «ድ» ብቻ ጆሮሽን ሰጥተሽ አንድ ጊዜ ደግመሽ አዳምጪው። ስትናገሪ ግን ማሳጠሩ ግዴታ አይደለም፤ ቃሉን ሙሉውን ብትዪው ማንም አይስቅብሽም፣ ለአድማጭም ግልጽ ይሆናል።

ሁለት ነገር ደግሞ እንዳያደናግሩሽ ያህል በአጭሩ። በሙዚየም ጽሑፍና በመጽሐፍ ውስጥ «ሃድ ሂ ሊቭድ ሎንገር» የሚል አጀማመር ብታገኚ «ኢፍ» ተደብቆ ነው፤ «ረዘም ያለ ዕድሜ ቢያገኝ ኖሮ» ብለሽ አንብቢው። ቫን ጎግ በ1890 በ37 ዓመቱ ስለሞተ ስለ እሱ በሚጻፍ ጽሑፍ ውስጥ ይህን አጀማመር ልታገኚው ትችያለሽ። ለንግግር ግን ከባድ ስለሆነ ለአንባቢነት ብቻ እወቂው። ሁለተኛ፣ «ሂ ዉድ ራይት ቱ ሂዝ ብራዘር» የሚለው «ኢፍ» በአካባቢው ከሌለ ምኞትም መላምትም አይደለም፤ ለወንድሙ ይጽፍለት ነበር፣ ልማዱ ነበር ማለት ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲህ አድርጊ። የሚታየውን ሥዕል አስቀድሞ የሚነግራችሁ ካለ ጠይቂ፤ ከሌለም ራስሽ ሥዕል የመምረጡን ተራ ውሰጂ። ስለ ሥዕሉ ታሪክ ጥቂት አንብቢና ሦስት ነገር በአማርኛ ጻፊ፦ «ምነው አሁን ሥዕሉ ላይ ባየሁት» የምትዪውን አንድ ነገር፣ «ምነው ሠዓሊው ወይም ሌላ ሰው ባላደረገው» የምትዪውን አንድ ነገር፣ አንዲት ነገር ብትለወጥ ሥዕሉ ምን ይሆን ነበር የሚል አንድ ጥያቄ። ከዚያ እያንዳንዱን አሁን ነው ወይስ ያለፈ ብለሽ ለይተሽ ወደ እንግሊዝኛ አምጪው። በወረቀት ይዘሽው ግቢ፤ ማየት ነውር አይደለም። ጥያቄውን መጀመሪያ አቅርቢ። «ዋት ኢፍ» ብሎ የሚጀምር ጥያቄ አጭር ነው፤ ከተናገርሽው በኋላ ሌሎቹ ሲመልሱ እነሱም «ዉድ» እያሉ ስለሚናገሩ፣ አንቺ የምትፈልጊውን ቅርጽ ደጋግመሽ ትሰሚያለሽ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመናገር ያን ጊዜ አፍሽ የተሟሸ ይሆናል።

ተራው ደርሶሽ ራስሽ የምትመርጪ ከሆነ ደግሞ የሌሊት ጠባቂዎቹን ምረጪ። የተቆረጠውንና ጠርዞቹ የተመለሱለትን ጎን ለጎን አሳያቸውና የትኛውን እንደሚመርጡ ጠይቂያቸው።